የወረቀቱ ጀርባ

ቅዳሜ ጠዋት ነው። በያጁ ወንድሟ ዳቦውን ሻይ ውስጥ እየነከረ ፊት ለፊቷ ተቀምጧል። እሷ ግን ቁርሱንም ወንድሟንም ረስታ፣ አንዲት ወረቀት ወደ መስኮቱ ብርሃን ቀና አድርጋ ይዛ፣ በጣቷ ጠረጴዛውን እየመታች ታነባለች። ወረቀቷ ላይ ያለው ፊደል አይደለም፤ ኖታ ነው። በእርሳስ፣ በጥድፊያ የተጻፈ፣ አንዳንዱ ጭራው የተቆረጠ፣ አንዳንዱ ከመስመሩ የወደቀ ኖታ።

ይህቺ ልጅ በቴአትር ቤቱ «ነጥብ» ትባላለች። ሥራዋ ኖታ ገልባጭነት ነው። የሙዚቃ ደራሲዎች የሞነጫጨሩትን በኖታ መጻፊያ ፕሮግራም ኮምፒዩተር ላይ ታስገባለች፤ የቫዮሊኑን ለቫዮሊን፣ የክላርኔቱን ለክላርኔት ለይታ፣ አርማ፣ አትማ ታድላለች። ቅጽል ስሙ የወጣላት አንድ ቀን ኦርኬስትራው ልምምድ ሲጀምር ከላይኛው ፎቅ በሩጫ ወርዳ «አቁሙ! የክላርኔቱ ስድስተኛ መስመር ላይ አንዲት ነጥብ ጎድላለች!» ብላ ስለጮኸች ነው። ስልሳ ሰው በሳቅ ፈረሰ። ያልሳቀው ደራሲው ብቻ ነበር። ወደ ወረቀቱ ጎንበስ ብሎ አየና «እውነቷን ነው» አለ። ከዚያም ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ፤ እሷም ደረጃውን ስትወጣ ሁለት ጊዜ ተደናቀፈች።

ደራሲውን ሁሉም «እርሳስ» ይለዋል፤ ከጆሮው ኋላ እርሳስ ጠፍቶ ስለማያውቅ። ስምንት ወር ሙሉ ረጅም ሥራውን ገጽ በገጽ ሲያመጣላት፣ የሚጻጻፉት በወረቀቱ ኅዳግ ላይ ነበር። «እዚህ ጋ ዝምታው አልረዘመም?» ይላታል። «አልረዘመም፤ ሰው ትንፋሽ ያስፈልገዋል» ትመልሳለች። «ገጽ የሚገለጥበት ቦታ ሁልጊዜ ዕረፍት ላይ የሚውለው እንዴት ነው?» ይላል። «ቫዮሊን የያዘ ሰው ሦስተኛ እጅ ስለሌለው ነዋ!» ትለዋለች። በአምስተኛው ወር «ትናንት የለበስሽው ሰማያዊ ሹራብ ከኖታው ሠላሳኛ ክፍል ጀምሮ ሐሳቤን አጥፍቶታል» ብሎ ጻፈ። ያንን ኅዳግ በመቀስ ቆርጣ ቦርሳዋ ውስጥ ደበቀችው።

አሁን በእጇ የያዘችው የሥራው የመጨረሻ ገጽ ነው። ትናንት ከቢሮ ስትወጣ በፖስታ አሽጎ «ቤትሽ ስትደርሺ ብቻ ክፈቺው» ብሎ አስምሎ የሰጣት።

«ምንድነው እሱ?» አለ ወንድሟ ድንገት።

«ኖታ ነዋ ጋሼ! የመጨረሻው ገጽ።»

«ፊቱን አይደለም የምልሽ። ጀርባውን ነው።»

እሷ ፊቱን ስታነብ፣ እሱ ከማዶ ሆኖ ጀርባውን እያየ ነበር። ገና ወረቀቱን ልትገለብጥ ስትል መነጨቃት። ከላዩ ላይ ክብ ወይን ጠጅ ማኅተም አለ፤ መካከሉ ላይ የመጋዝ ሥዕል። ሁለቱም ያውቁታል። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት አባታቸው ጣውላ ፋብሪካ ውስጥ መጋዝ በልቶት ሬሳው በላስቲክ ተጠቅልሎ ሲመጣ፣ አብራ የመጣችው ደብዳቤ ላይ የነበረው ማኅተም ነው። «ሠራተኛው በራሱ ቸልተኝነት ለደረሰበት አደጋ ድርጅቱ ኃላፊነት የለበትም» የምትለው ደብዳቤ። እናታቸው ያችን ደብዳቤ በትራሷ ሥር አድርጋ ስታለቅስ ኖራ፣ በዓመቱ ባሏን ተከተለች። ጋሼ ትምህርቱን ጥሎ፣ የብየዳ መነጽር አጥልቆ፣ እህቱን ያሳደጋት ከዚያ ወዲህ ነው።

ሌላውን አላነበበም። ማኅተሙ በቃው።

«ይህን የሰጠሽ ልጅ ፒያኖ ይመታል?»

«አዎ፤ ግን...»

«ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለችው?»

 ያችን ጠባሳ ስንት ጊዜ በዓይኗ ዳስሳታለች!

«ፒያኖ መቺው የባለፋብሪካው ልጅ ነው!» ጋሼ ተነሣ። «አባባን የቀበርን ቀን መኪና ውስጥ ተቀምጦ በመስኮት ሲያየን የነበረው! አንቺ ለዚህ ነው ምሳሽን እየረሳሽ የምትጽፊው? ለዚህ?»

«ጋሼ አላውቅም ነበር! በእናቴ ዐፅም! የአባቱን ነገር አንስቶልኝ አያውቅም!»

«ምን ብሎ ያንሳልሽ!» ጠረጴዛውን በእርግጫ ሲለው ብርጭቆው ግድግዳ ላይ ሄዶ ተፈጠፈጠ። ወረቀቱን በጡጫው ጨብጦ ወጣ። በሩ ከማጠፊያው ተገንጥሎ ተንጠለጠለ።

ነጥብ በነጠላ ጫማ ተከትላው ሮጠች። ቅዳሜ ልምምድ ስላለ ወዴት እንደሄደ ገብቷታል፤ ታክሲ እስክታገኝ ግን እሱ ርቋል። የቴአትር ቤቱን የኋላ በር በትከሻዋ ገፍታ ስትገባ ከመድረኩ የሚሰማው ሙዚቃ አልነበረም። የኖታ ማስቀመጫዎቹ ብረት በብረት ላይ እየተንኮታኮተ ነው፤ አንድ ወር ሙሉ አርማ፣ አትማ፣ አጥፋ ያሰናዳቻቸው ወረቀቶች በሰው እግር ሥር ይረገጣሉ።

ጋሼ እርሳስን አንገቱን አንቆ ፒያኖው ላይ አጋድሞታል። የእርሳስ አፍንጫ ደም በደም ሆኗል። ጋሼ በሌላ እጁ ያችን ወረቀት አፉ ውስጥ ይጠቀጥቃል።

«ብላ! አባቴን የበላ ቤተሰብ ወረቀት አያንቀውም! ብላ!»

የገረማት፣ እርሳስ አለመከላከሉ ነው። እጆቹን አላነሣም። እንዳይወድቅ ብቻ ቀኝ እጁን ዘርግቶ የፒያኖውን ጥርሶች ተደገፈ። ጋሼም ያንን እጅ አየው።

«ጋሼ፣ ተው!»

ጋሼ የፒያኖውን ከባድ ክዳን በሁለት እጁ ይዞ የእርሳስ ጣቶች ላይ ደረገመው።

የእንጨቱን ድምፅ ሁሉም ሰማ። ከእንጨቱ ሥር የነበረውን ድምፅ ግን፣ ጆሮዋ አንዲት ነጥብ የማያልፈው እሷ፣ ለይታ ሰማችው። እርሳስ አልጮኸም። በጉልበቱ ወረደ፤ ወረቀቱ ከአፉ ወደቀ። አራት ሰው ጋሼን ከኋላ አንቆ ሲይዘው፣ ነጥብ ደርሳ ወረቀቱን ከወለሉ አነሣችው። እርሳስ ቀና ብሎ፣ ወረቀቱን በእጇ፣ በያጁን ከጎኗ አየ።

«አንቺ ነሽ... የሰጠሽው?»

አይደለሁም ማለት ትችል ነበር። ነገር ግን ስምንት ወር የተታለለች መሰላት፤ ከኅዳጉ ፍቅር ሁሉ ጀርባ ያ ማኅተም ተቀምጦ ሲስቅባት የከረመ መሰላት። ደሟ ፈላ።

«አዎ! እኔ ነኝ!» ብላ ጮኸች። «የነፍሰ ገዳይ ልጅ!»

እርሳስ ዓይኑን ጨፈነ። ዓይኑ ሲጨፈን፣ አንድ ነገር ከውስጧ ተቀንጥሶ የወደቀ መሰላት፤ የወደቀበትን ግን አላየችውም።

*

ሰኞ ጠዋት ነጥብ ቢሮዋ ገብታ ኮምፒዩተሩን ከፈተች። ጋሼ እስር ቤት ነው። እርሳስ ሆስፒታል። ቴአትር ቤቱ ዝም ብሏል።

የሥራው ፋይል ተከፈተ። ሁለት መቶ አሥራ አራት ገጽ። እያንዳንዷን ኖታ በጣቷ አስገብታለች። ረጅም ዜማ ለመንፋት የማይበቃ ሳንባ ያለው ትራምፔት ነፊ እንዳይታፈን ቦታ ፈልጋ ትንፋሽ አስገብታለች። ፕሮግራሙ መሣሪያው የማይደርስበትን ድምፅ በቀይ ሲያሳያት፣ ከእርሳስ ጋር ተጨቃጭቃ አስተካክላለች። ሁሉንም መረጠችው። ገጹ በሙሉ ሰማያዊ ሆነ። ጣቷን የማጥፊያው ቁልፍ ላይ አሳረፈች።

«ይሙት» አለች። «እንደ አባቴ ይሙት።»

ጣቷ ግን አልታዘዝ አላት። ተናደደች፤ በጣቷ ተናደደች። ቁልፍ ሰሌዳውን አንስታ ጠረጴዛው ላይ ፈጠፈጠችው። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ቁልፎቹ እንደ ጥርስ እየተነቀሉ ወለሉ ላይ ተበተኑ። በስተመጨረሻ እሷም አብራቸው ቁጭ አለች።

«ጨርሰሻል ወይስ እኔም አንድ ላግዝሽ?» የሚል ድምፅ ከበሩ መጣ።

አባ ጥሩምባ ናቸው፤ ሽማግሌው ትራምፔት ነፊ። ቅዳሜ ዕለት ጋሼን ሲይዙ ከንፈራቸው ስለተሰነጠቀ ፕላስተር ለጥፈዋል። ገብተው አጠገቧ ወለሉ ላይ፣ ጉልበታቸው እየተንቋቋ ተቀመጡ።

«አባባ፣ ከንፈርዎ...»

«ተዪው፤ አርባ ዓመት ስነፋበት አልሰለቸም፤ ይረፍ እስኪ።» ከኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ። «ከልጁ ነው። ቀኙ በጀሶ ስለታሸገ በግራው ነው የጻፈው። ሁለት ሰዓት ፈጀበት። ልጻፍልህ ብለው ገላመጠኝ።»

ፊደሎቹ እንደ ሕፃን ጽሑፍ ወድቀው ተነሥተዋል፦

«ነጥብዬ፣ የወረቀቱን ጀርባ አንብበሽ ከሆነ ወንድምሽን የላክሽው፣ እጄ ይገባዋል፤ እሱንም አልከሰውም። ሳታነቢው ከሆነ ግን አንብቢው። ገልባጭ ነሽ፤ አንዲት ወረቀት መገልበጥ አያቅትሽም። ከዚያ በኋላ ባትመጪም ይገባኛል።»

 ቦርሳዋን ዘርግፋ ያችን የተጨማደደች፣ ደም የነካት ወረቀት አወጣች። በመዳፏ ጉልበቷ ላይ ዘረጋቻት። ከማኅተሙ በታች የሰው እጅ ጽሑፍ አለ።

«የመጋዙ መከለያ ተነሥቶ ሥራ መቀጠሉ ሰው ይጨርሳል ብዬ ሁለት ጊዜ አመልክቻለሁ። ይህ ሦስተኛዬ ነው። የመጋዝ ክፍል ኃላፊ።»

በኅዳጉ ደግሞ በሌላ እጅ፣ በቀይ ቀለም፦ «መከለያው ሥራ ያዘገያል። ሳይገጠም ይቀጠል።» ፊርማ። ቀን። ቀኑን ሦስት ጊዜ አነበበችው። አባቷ ከመሞቱ አራት ቀን በፊት ነው።

ቸልተኝነት! ጥንቃቄው ምስማር እንኳ ከወለል አንስቶ ኪሱ የሚያስገባውን አባቷን ቸልተኛ አሉት! እናቷ ያንን ቃል ታቅፋ ሞተች! ይህንን ወረቀት ደግሞ ያ ልጅ ከአባቱ ሸሽጎ አውጥቶ፣ ጀርባው ላይ የሥራውን መጨረሻ ጽፎ፣ በእጇ ሰጣት። ወንድሟ እጁን ሰበረው፤ እሷም «እኔ ነኝ» አለችው።

አባ ጥሩምባ አንገቷን ሲያቅፏት ከጉሮሮዋ የወጣውን ድምፅ ራሷም አላወቀችውም። ሐዘን ይሁን ቁጣ፣ ፍቅር ይሁን ጥላቻ ለይታ ልትጠራው አልቻለችም፤ ሁሉም አንድ ላይ ነደደባት።

*

የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ባለፋብሪካው ቆሟል። ረጅም፣ ሽበቱ የተበጠረ፣ ሰው ሲያናግር ሰዓቱን የሚያይ ሰው።

«አንቺ ነሽ እህቱ? ወንድምሽ በእስር ቤት ይበሰብሳል። አንቺንም አብሬ...»

ነጥብ ሳትመልስለት አልፋው በሩን ከፈተች። እርሳስ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። ፊቱ አብጧል፤ ቀኝ እጁ እስከ ክርኑ በነጭ ጀሶ ታሽጓል። 

«አነበብኩት» አለች፤ ወረቀቷን ከፍ አድርጋ።

ባለፋብሪካው ተከትሏት ገብቶ ነበር። ቀዩን ቀለም አየ። የገዛ እጁን ጽሑፍ ለማወቅ ዓይኑን ማጥበብ አላስፈለገውም። ፊቱ ተለወጠ።

«ያንን ወዲህ በዪ።»

«አልሰጥም።»

ዘሎ የእጇን አንጓ ያዘ። ጠመዘዘው። ሌላው እጁ ፀጉሯን ከሥሩ ጨበጠ፤ ጭንቅላቷን ከቁምሳጥኑ ጋር አላተመው። ነጥብ ወረቀቷን ደረቷ ውስጥ ሸጉጣ፣ ያገኘችውን ክንድ በጥርሷ ያዘች፤ ደሙን ቀመሰችው። «ልቀቂ አንቺ...» እያለ በጉልበቱ ሆዷን ሲመታት ትንፋሿ ቀጥ አለ። ዓይኗ ጨለመ። ያም ሆኖ አለቀቀችውም።

«አባዬ ልቀቃት!»

አልለቀቃትም። እርሳስ የክንዱን መርፌ ነቅሎ ከአልጋው ወረደ። ጤነኛ እጁን አልተጠቀመም። ያንን የታሸገውን፣ የተሰበረውን፣ ጀሶ የከበደውን ቀኝ እጁን ከራሱ በላይ አንስቶ በአባቱ ትከሻና አንገት መካከል አሳረፈው። ጀሶው ተሰነጠቀ። ጩኸቱ ግን የአባቱ ሳይሆን የልጁ ነበር። ባለፋብሪካው ወንበሩን ይዞ ወደቀ።



«እኔን መታህ?» አለ ባለፋብሪካው ከወለሉ። «ለዚህች ብለህ?»

«ይውጡ» አለ ልጁ።

ያ ሰው የደነገጠው በምቱ አይደለም። ልጁ ከአፍ መፍቻው ጀምሮ «አንተ» ሲለው ኖሮ፣ ዛሬ እንደ ባዳ አንቱ አለው። ወንበሩን ተደግፎ ተነሣ። ወረቀቷን የደበቀችበትን ደረት አየ፤ የልጁን ፊት አየ። ሰዓቱን ሳያይ ወጣ።

ነጥብ ወደ እርሳስ ሄደች። በሙሉ ክንዷ በጥፊ አለችው።

«ለምን ዝም አልከኝ? ዝምታ ቆጥሬ የማድር ሰው እኮ ነኝ! ስምንት ወር ሙሉ ዝም አልከኝ!»

«አባቴ ካዝና ውስጥ ያገኘሁት ከሦስት ወር በፊት ነው» አለ፤ ጉንጩን አልዳሰሰም። «አብሮት በነበረው የአደጋ ደብዳቤ ላይ የሟቹን ስም ሳይ የአንቺ አባት ሆነ። ልነግርሽ ሰባት ጊዜ በርሽ ድረስ መጥቻለሁ። እያንዳንዱን ጊዜ ስለ ወረቀት መጠን ጠይቄሽ ተመለስኩ።»

«እኔ እኮ ይሄ ሰውዬ የወረቀት መጠን አይገባውም እንዴ እል ነበር!»

ሳቅ አመለጣት፤ ሳቁ መሃል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረ። እሱም በግራ እጁ የታመመውን ቀኙን ታቅፎ ያለቅሳል።

«አንቺ ልትወጂኝ አይገባም» አላት። «ደሜን አየሽው እኮ። የማን እንደሆነ አየሽው።»

«አየሁት። መድረኩ ላይም ፈስሶ አይቼዋለሁ። ጀርባህን አንብቤ ጨርሻለሁ፤ አሁን ዝም በል።»

ያበጠ ከንፈሩን ሳመችው። አመመው፤ እንደሚያመው አወቀች፤ ቢሆንም አልተወችውም። በጥፊ ያለችው ጉንጭ ከመዳፏ ሥር ይግል ነበር። ከዚህ በኋላ ይህንን ሰው የሚነካ ሁሉ እሷን እንደሚነካ፣ እሷን የሚነካም ወዮለት እንደሚባል ገባት። እንዲህ ያለ የሚያስፈራ ደስታ ኖሯት አያውቅም።

*

በማግስቱ ዋናውን ወረቀት መርማሪውን አስፈርማ አስረከበችው። የሁለቱንም ገጽ ፎቶኮፒ ይዛ ወደ ጋሼ ገባች። አንድ ፖሊስ በሩ ላይ ተቀምጧል። ጋሼ ሦስት ቀን ያልተላጨ ፊቱን አዙሮ «ለምን መጣሽ?» አላት።

«አንብብ።»

የብየዳ እሳት የለበለበው ዓይኑ ፊደል ቶሎ አያይም። ጣቱን እያስኬደ አነበበ። ቀዩ ጽሑፍ ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ።

«ማነው ይሄን ያመጣው?»

«እሱ።»

«የቱ እሱ?»

«እጁን የሰበርክበት።»

ጋሼ ተነሣ። ግድግዳውን በጡጫው መታው። ደግሞ መታው። ፖሊሱ ብድግ ሲል ነጥብ እጇን ዘርግታ አስቆመችው። ወንድሟ የገዛ እጁን አጥንት ከሲሚንቶው ጋር እያጋጨ «አፉ ውስጥ ጠቀጠቅሁት! የአባቴን እውነት አፉ ውስጥ ጠቀጠቅሁት!» ይላል። ደሙ ግድግዳው ላይ ሲታይ ጡጫውን በሁለት እጇ ይዛ ደረቷ ላይ አጣበቀችው።

«በቃ ጋሼ። አንድ እጅ ይበቃናል።»

 አብረው ሲሚንቶው ላይ ተቀመጡ።

«ሐኪሙ ምን አለ?»

«ሁለቱ ጣቶች አይመለሱም። ፒያኖ አይመታም። እርሳስ መያዙንም እንጃ።»

ጋሼ የደማ ጡጫውን አየ። «ትወጂዋለሽ?»

«እወደዋለሁ።»

«እኔንስ?»

«አንተንም። ሁለታችሁንም አንድ ላይ ባንቃችሁ ደስ ይለኛል።»

ፖሊሱ ሳቁን በሳል ደበቀው። ጋሼ ግን አልሳቀም። ወረቀቱን አንሥቶ ገለበጠው፤ ኖታውን አየ። ለእሱ ያው የጉንዳን ሰልፍ ነው።

«ይሄ አባባን ያነሣል?»

«ለአባባ ነው የተጻፈው። ትናንት ነገረኝ።»

«ስሙ የለበትም።»

«ቃል የለውም፤ መሣሪያ ብቻ ነው።»

«ታዲያ እኔ በምን ልወቀው?»

ነጥብ ዙሪያውን አየች። የሚላጠው ቀለም፣ ባልዲው፣ በሩ ላይ ያለው ፖሊስ። ድምፅ የላትም፤ በሕይወቷ ሰው ፊት አዚማ አታውቅም። ወረቀቱን በመካከላቸው ይዛ ከመጀመሪያዋ መስመር ጀመረች። የቼሎውን ዝቅ ባለ ድምፅ፣ የክላርኔቱን ከፍ አድርጋ፣ ዝምታዎቹን በጣቷ ወንድሟ መዳፍ ላይ እየቆጠረች አንጎራጎረችለት። አንድ ቦታ ድምፅዋ ተሰበረ፤ ከተሰበረበት ቀጠለች። ጋሼ ግንባሩን ጉልበቱ ላይ ደፍቶ ትከሻው ይርገፈገፋል። አሥራ አንድ ዓመት አንድም ቀን ሲያለቅስ አይታው አታውቅም።

ስትጨርስ ራሱን ሳያነሣ «ሂጂ» አላት።

«ወዴት?»

«ወደ እሱ። ብቻውን አትተዪው። ይቅርታ በዪልኝ አልልሽም፤ ስወጣ ራሴ እግሩ ላይ እወድቃለሁ። ሂጂ አልኩሽ!»

ነጥብ ፀሐዩ ላይ ወጣች። ጭንቅላቷ ቁምሳጥኑ የመታት ቦታ ላይ ይጠዘጥዛል፤ አንጓዋ በስሎ ጠቁሯል፤ ሆዷን ስትተነፍስ ያማታል። ወደ ሆስፒታሉ መንገዱን በሩጫ ተሻገረች። ሰዎች ዞረው አዩዋት። ፊቷ ያበጠ፣ ፀጉሯ የተበተነ፣ በእንባዋ መሃል የምትስቅ ሴት ምን እንዳገኘች ማንም አልገባውም፤ እሷም ብትሆን ቆማ የምታስረዳበት ትንፋሽ አልነበራትም።